ጡንቻ አልታዘዝ ሲል ችግሩ የት ጋ ነው? ከአንጎል እስከ ጡንቻ ቦታውን መፈለጊያ መንገድ

ይሄን የምጽፈው በተለይ ለሜዲካል ተማሪዎችና ለኢንተርኖች ነው፣ ግን እጁ ወይ እግሩ አልታዘዝ ያለው ዘመድ ያለው ሰውም ቢያነበው ሐኪሙ ለምን በመዶሻ ጉልበት እንደሚመታና ለምን ስለ ሽንት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። የምለው ነገር አንድ ነው፣ መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ የበሽታው ስም በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው፣ እግር ሰነፈ (ጉልበት አጣ) ሲባል ወዲያው ዲስክ ነው ስትሮክ ነው ጊላን ባሬ (የሰውነት መከላከያ ነርቮችን የሚያጠቃበት በሽታ) ነው ተብሎ ስም ይጠራል፣ ከዛ የተጠራውን ስም የሚደግፍ ነገር ብቻ ይፈለጋል፣ በመሀል ሪፍሌክሱ (ጅማቱ በመዶሻ ሲመታ ጡንቻው በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) ሳይታይ ሽንቱ ሳይጠየቅ ሰውየው የማይመለከተውን ቦታ ኤምአርአይ ተነስቶ "ኖርማል ነው" ተብሎ ይሸኛል። ይሄ ሰው የሚጎዳ ነገር ነው።

መንገዱን በጭንቅላታችሁ ያዙት። ትእዛዙ የሚነሳው ከአንጎል ኮርቴክስ (ከውጭኛው ሽፋኑ) ነው፣ በኢንተርናል ካፕሱል (አንጎል ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ) አልፎ ብሬን ስቴም (የአንጎል ግንድ፣ ከላይ ወደ ታች ሚድብሬን ፖንስ ሜዱላ) ይገባል፣ ሜዱላ ታችኛው ጫፍ ላይ አብዛኛው ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል፣ በሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፣ አንቲሪየር ሆርን (የሕብለ ሰረሰሩ የፊት ክፍል) ላይ ያለው ሴል ይቀበለዋል፣ በሩት (ከሕብለ ሰረሰር በሚወጣው የነርቭ ሥር) በፕሌክሰስ (ሩቶቹ በሚጠላለፉበት) በነርቭ አድርጎ ኒውሮመስኩላር ጃንክሽን (ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት) ይደርስና ጡንቻው ይኮማተራል። የትም ጋ ቢበላሽ ውጤቱ ስንፈት ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቦታ ሲነካ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ነው የሚነካው፣ እኛ የምንፈልገው ያንን አጠገቡ ያለውን ነው።

መጀመሪያ፦ እውነት ስንፈት ነው ወይ?

በሽተኛው ደከመኝ ሲል አቅም ማጣት፣ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ ማጣት ሁሉንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ምን መስራት አቃተዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። ፀጉር ማበጠር፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት ካቃተው ችግሩ ከግንድ ቅርብ የሆኑት የትከሻና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። ቁልፍ ማዞር፣ አዝራር መቆለፍ፣ ጠርሙስ መክፈት ካቃተው፣ ነጠላ ጫማ ከእግሩ እየወለቀ ካስቸገረው፣ ሲራመድ የእግሩ ጫፍ ምንጣፍ ላይ እየተያዘ ከሆነ ደግሞ የጫፍ ጡንቻ ነው። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን መንገድ ይወስዳችኋል። የሚሰራውን መስራት ካላቃተው፣ ብቻ ቶሎ ከደከመውና ጉልበቱን ስትፈትሹት ሙሉ ከሆነ፣ ያ ሌላ ምርመራ ነው፣ የደም ማነስ የታይሮይድ የልብ የሳንባ የስሜት ጉዳይ ነው፣ እዚህ አንገባበትም።

ጊዜ የማይሰጡት ሦስቱ

ቦታ ፍለጋው ሳይጀመር በፊት እነዚህን አረጋግጡ። ድንገት በደቂቃ ውስጥ የመጣ የአንድ ጎን ስንፈት ከሆነ "ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?" በሉ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሙት መድኃኒቶች በመደበኛው የሚሰጡት ምልክቱ ከጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ትልቅ የደም ስር ከተዘጋና በሽተኛው ተመርጦ የሚሆን ከሆነ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ገብቶ ማውጣቱ እስከ 24 ሰዓት ሊሰራ ይችላል። የደም ስኳር እዛው አልጋው ጋ ይለካ፣ የወረደ ስኳር ቁጭ ስትሮክ መስሎ ይመጣል፣ ግሉኮስ ሲሰጥ ይመለሳል። ከሚጥል ሕመም በኋላም አንድ ጎን ለሰዓታት ሊሰንፍ ስለሚችል አንቀጥቅጦት ነበር ወይ ብላችሁ ያየውን ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። በቀናት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ስንፈት ላይ የኦክስጅን ሳቹሬሽን 98 ነው ብላችሁ እንዳትረጋጉ፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ሲደክም ሳቹሬሽን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። በአንድ ትንፋሽ ድምፁን አውጥቶ ይቁጠር፣ ጤነኛ አዋቂ 50 አካባቢ ይደርሳል፣ ከ15 እስከ 20 ላይ ወይ ከዛ በፊት ትንፋሽ ከቆረጠው ተጨነቁ። ከዛ አንገቱን ከትራስ ቀና ያድርግና በግንባሩ በኩል ግፉት፣ አንገት ማጠፊያው ከደከመ ዲያፍራሙም አብሮ የመድከም ዕድሉ ትልቅ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ሲያስገባ ሆዱ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ዲያፍራሙ ደክሟል። ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ መለኪያ) ካለ ቫይታል ካፓሲቲ (በአንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚወጣው አየር) በኪሎ ከ20 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ቦታው አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው። ምራቁን መዋጥ የሚያቅተው፣ ውሃ ሲጠጣ በአፍንጫው የሚመለስበትም እንደዚሁ።

ሦስተኛው ሽንት። ሁለት እግር የሰነፈበት ሰው ሽንቱ ተከለከለ ወይ፣ ሰገራ አመለጠው ወይ፣ ሲጠራረግ መቀመጫውና በብልቱ ዙሪያ ይሰማዋል ወይ? ሰው ያፍራል ራሱ አይነግራችሁም፣ እናንተም አፍራችሁ አትለፉት፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ መጋረጃውን ዝጉና በግልጽ ጠይቁ። ከሸና በኋላ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በአልትራሳውንድ ይታይ። እዚህ ላይ የምታባክኑት ሰዓት ዕድሜ ልክ ካቴተር ሊያስይዘው ይችላል።

ከላይ ነው ከታች?

ዋናው መገንጠያ ይሄ ነው። ከኮርቴክስ እስከ ሕብለ ሰረሰር ያለው መስመር ሲነካ አፐር ሞተር ኒውሮን እንላለን፣ ከአንቲሪየር ሆርን ጀምሮ ወደ ውጭ ያለው ሲነካ ሎወር ሞተር ኒውሮን። ከላይ ሲሆን ጡንቻው እየሰነፈም ግትር ይላል፣ ሪፍሌክሱ ይዘላል (ከልክ በላይ ይፈጥናል)፣ ቁርጭምጭሚቱን ቶሎ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ስትይዙት እግሩ ይመታል ይሄ ክሎነስ ነው፣ ጡንቻው ብዙም አይመነምንም። ከታች ሲሆን ጡንቻው ይልላል፣ ይመነምናል፣ ሪፍሌክሱ ይጠፋል፣ ቆዳ ስር ጡንቻው በራሱ ሲርገበገብ ይታያል ይሄ ፋሲኩሌሽን ነው፣ እሱን ለማየት ልብሱን አስወልቃችሁ በቂ ብርሃን ላይ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ማየት አለባችሁ፣ በሱሪ ላይ ሆኖ ፋሲኩሌሽን የለም ብሎ መጻፍ አይቻልም።

የስንፈቱ አቀማመጥም ይናገራል። ከላይ ሲሆን እጅ ላይ ይበልጥ የሚደክሙት የሚዘረጉትና የሚከፍቱት ናቸው፣ ትራይሴፕስ (ክንድ የሚዘረጋው)፣ አንጓ የሚያነሱት፣ ጣት የሚዘረጉት። እግር ላይ ደግሞ የሚያጥፉት፣ ዳሌ ማጠፊያ፣ ጉልበት ማጠፊያ፣ እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው። ስትሮክ የቆየበት ሰው እጁ ታጥፎ ደረቱ ላይ እግሩ ቀጥ ብሎ እየጠረገ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቀላል ስንፈት ግን ስትፈትሹት 5 ከ5 ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ጠንካራ ሰው ላይ። ስለዚህ ሁለት እጁን መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጋ ዐይኑን ይጨፍን፣ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ጠብቁ። አንዱ እጅ መዳፉ ወደ ውስጥ እየዞረ መውረድ ከጀመረ ከላይ ያለው መስመር ተነክቷል። ጣቱን በአውራ ጣቱ ቶሎ ቶሎ ያስነካ፣ የዘገየው ጎን የታመመው ነው። ነጥቡን ስትጽፉም 0 ምንም የለም፣ 1 ጡንቻው ብቻ ንቅንቅ ይላል፣ 2 ክብደቱ ሲያዝለት ይንቀሳቀሳል፣ 3 የራሱን ክብደት ያነሳል፣ 4 ስትገፉት በከፊል ይቋቋማል፣ 5 ሙሉ ነው። 4 ውስጥ ብዙ ልዩነት ስላለ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ጡንቻ እንደሆነ ጻፉ፣ "የግራ እግር 4 ከ5" ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም፣ ዳሌው ነው ቁርጭምጭሚቱ?

ሪፍሌክስ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጡንቻው ካልላላ አይመጣም፣ መዶሻውም በራሱ ክብደት ይውደቅ እንጂ አትቀጥቅጡበት። አልመጣ ካለ ለእግሩ የሁለት እጁን ጣቶች ቆላልፎ ይጎትት፣ ለእጁ ጥርሱን ይንከስ፣ ልክ በዛው ቅጽበት ምቱ፣ ይሄን ሳታደርጉ የለም አትበሉ። ሩቶቹ (ሲ የአንገት፣ ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ፣ ኤስ ከወገብ በታች ያለው) ከታች ወደ ላይ ሲቆጠሩ ለመያዝ ቀላል ናቸው፣ ቁርጭምጭሚት ኤስ1 እና 2፣ ጉልበት ኤል3 እና 4፣ ክንድ የሚያጥፉት ባይሴፕስና ብራኪዮራዲያሊስ ሲ5 እና 6፣ ትራይሴፕስ ሲ7 እና 8። ከቁጥሩ በላይ ግን የቀኙና የግራው፣ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ነው ዋጋ ያለው። በሁሉም ቦታ እኩል ፈጠን ያለ ሪፍሌክስ ያለው ጤነኛ ሰው ብዙ ነው።

ባቢንስኪ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ይዞ ያለ ምርመራ ነው ዛሬም ምንም አልተካውም። ከተረከዝ ጀምራችሁ በውጭኛው የውስጥ እግር ጠርዝ በኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሳቡ፣ የምታዩት የአውራ ጣቱን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይ ከሄደ ከአንጎል እስከ ሕብለ ሰረሰር ያለው መስመር የሆነ ቦታ ተነክቷል። ኮርኩሯችሁት እግሩን በሙሉ ከሳበ ደግሞ እሱ መልስ አይደለም፣ ለስለስ አድርጋችሁ ድገሙት።

አንድ ወጥመድ አለ። ሕብለ ሰረሰር ድንገት ሲጎዳ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት እግሩ ልል ሪፍሌክሱም ጠፍቶ ይቆያል፣ ትኩስ ስትሮክም መጀመሪያ ላይ ልል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትኩስ ጉዳት ላይ ሪፍሌክስ የለም ማለት ከታች ነው ማለት አይደለም፣ እንደዛ ሲያጋጥማችሁ ወሳኙ የስሜት መቁረጫ መስመርና ሽንት ነው።

ከላይ ከሆነ የት ጋ?

ፊት እጅና እግር በአንድ ጎን ከሰነፉ አንጎል ነው። ፊት ላይ ግንባሩን አስኮማትሩት፣ ከላይ ሲሆን ግንባሩ ይተርፋል የታችኛው ፊት ብቻ ይወርዳል፣ ፊቱ በሙሉ ከነግንባሩ ከሆነ የፊት ነርቩ ራሱ ወይ ነርቩ የሚነሳበት ፖንስ ላይ ነው። ኮርቴክስ ከሆነ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ቋንቋ ይጠፋል፣ አንዱን ጎን ጨርሶ ይረሳል፣ ዐይኑ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ይጥለዋል። ፊትና እጅ ከእግሩ ይበልጥ ከሰነፉ መሀለኛው የአንጎል ደም ስር፣ እግር ብቻ ይበልጥ ከሆነ የፊተኛው። ንግግሩም ስሜቱም ዕይታውም ደህና ሆኖ ፊት እጅ እግር እኩል ከሰነፉ ገመዶቹ ተጠጋግተው የሚያልፉበትን ኢንተርናል ካፕሱልን አስቡ፣ ፖንስም እንደዚህ ሊያደርግ ይችላል።

ብሬን ስቴም የሚታወቀው በመሻገሩ ነው፣ የክራኒያል ነርቭ ችግር በአንድ ጎን የእጅና እግር ስንፈት በሌላው ጎን። ቀኝ የዐይን ቆቡ ወድቆ ብሌኑ ሰፍቶ ግራ እጅና እግሩ ከሰነፈ ሚድብሬንን በቀኝ ጎን አስቡ። ድርብ ማየት፣ መዞር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የንግግር መንተባተብ አብረው ሲመጡም ሐሳባችሁ ወደዚህ ይሂድ።

አሁን ወደ ሕብለ ሰረሰር፣ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፊት ደህና ሆኖ ሁለት እግር ሰንፎ ግትር ካለ ባቢንስኪ ካለ ሽንት ከተነካ እስኪረጋገጥ ድረስ ሕብለ ሰረሰር ነው። የስሜት መስመሩን ፈልጉ፣ የተሰበረ የእንጨት ስንጥር ይዛችሁ ከእግር ወደ ላይ እየወጋችሁ ስለቱ የሚሰማው ቦታ ጋ ስትደርሱ ምልክት አድርጉ፣ ጀርባውንም አይታችሁ። ጡት ጫፍ ቲ4 ነው፣ እምብርት ቲ10። መስመሩ ግን የሚነግራችሁ ችግሩ ከዚህ በታች እንዳልሆነ ብቻ ነው፣ ከላይ በብዙ ሴግመንት ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ አንገት ላይ ተጭኖ ያለ ነገር ደረት ላይ መስመር ሰርቶ ይመጣል። ስለዚህ እጆቹን በደንብ ፈትሹ፣ የእጅ ሪፍሌክስ ከዘለለ አንገት ወይ ከዛ በላይ ነው። አንድ ሪፍሌክስ ጠፍቶ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ከዘለሉ ቦታውን በጣታችሁ እንደነካችሁት ቁጠሩት፣ ለምሳሌ ባይሴፕስ ጠፍቶ ትራይሴፕስና ጉልበት ከዘለሉ ሲ5 እና 6 አካባቢ ሩቱንም ሕብለ ሰረሰሩንም የተጫነ ነገር አለ። መንጋጋውን ስትመቱ እሱም ከዘለለ ደግሞ ከአንገት በላይ ከፖንስም ከፍ በሉ።

እና እባካችሁ ይሄን አስታውሱ፣ የአዋቂ ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው ኤል1 እና ኤል2 አካባቢ ነው። ባቢንስኪ ያለበትን ሰው "ሁለት እግር ስለሰነፈ" ተብሎ የወገብ ኤምአርአይ ብቻ ማዘዝ ችግሩ ሊኖርበት የማይችለውን ቦታ መፈለግ ነው። ይባስ ብሎ ወገብ ላይ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የዲስክ መበላሸት ይታይና "ይኸው ዲስክ ነው" ተብሎ ይዘጋል፣ ደረቱ ላይ ያለው ዕጢ ወይ ቲቢ ወይ መግል እየተጫነው ሰውየው በዊልቸር ይመለሳል። የደረትና የአንገት ኤምአርአይ እዘዙ፣ ወረቀቱ ላይም ባቢንስኪ አለ የስሜት መስመሩ እዚህ ነው ብላችሁ ጻፉ። ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀ በኋላ ያሉት የሩት ስብስቦች ሲጫኑ ግን ልል ነው፣ ቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ይብሳል፣ ያኔ የወገቡ ልክ ነው፣ አስቸኳይም ነው። የደረቱም የአንገቱም ኤምአርአይ ደህና ከሆነ በሁለቱ ንፍቀ አንጎል መሀል ያለ ዕጢም ሁለት እግር ብቻ ማስነፍ እንደሚችል ትዝ ይበላችሁ።

ግማሹ ሕብለ ሰረሰር ሲነካ ስንፈትና የንዝረት ስሜት ማጣት በዛው ጎን፣ የሕመምና የሙቀት ማጣት በሌላው ጎን ይሆናል፣ ብራውን ሴካርድ የሚባለው ነው። ባቢንስኪ ኖሮ ቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ከጠፋና እግሩ ንዝረት ካልተሰማው ቫይታሚን ቢ12 ይታይ፣ የሚታከም ስለሆነ እንዳያመልጣችሁ።

ከታች ከሆነ የት ጋ?

እዚህ ስሜት ይፈርዳል። ስሜት ምንም ሳይነካ ስንፈት ብቻ ካለ ሦስት ቦታ ይቀራል፣ አንቲሪየር ሆርን፣ ጃንክሽን እና ጡንቻ። ስሜትም ከተነካ ሩት፣ ፕሌክሰስ ወይ ነርቭ ነው።

አንቲሪየር ሆርን ሲሆን መመንመንና ፋሲኩሌሽን ጎልቶ ይታያል። ፖሊዮ እዚህ ነው። በመነመነ በሚርገበገብ እጅ ላይ ሪፍሌክሱ ከዘለለ ደግሞ ሁለቱም ኒውሮን አብሮ ተነክቷል፣ ምላሱን አፉ ውስጥ እንዳስቀመጠ እዩት፣ እየተርገበገበ ከመነመነ ኤኤልኤስ (ሞተር ኒውሮኖቹ ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ) ወደሚለው እያመራችሁ ነው፣ ግን ከማለታችሁ በፊት የአንገት ሕብለ ሰረሰር መጫን አለመሆኑን አረጋግጡ።

ሩትና ነርቭን ለመለየት እግሩ የወደቀበትን ሰው ልውሰድ፣ በጣም የሚያስተምር ነው። እግሩን ወደ ላይ ማንሳት አቃተው፣ ሲሄድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ እግሩን ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። ጉልበት ስር በውጭ በኩል ያለው ፔሮኒያል ነርቭ ነው ወይስ ኤል5 ሩት? እግሩን ያዙለትና ወደ ውስጥ እንዲያዞር አድርጉት። ይሄን የሚያደርገው ቲቢያሊስ ፖስቲሪየር ኤል5 ይደርሰዋል ግን በሌላ ነርቭ በቲቢያል በኩል ነው፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ማዞሩ ከደከመ ሩቱ ነው፣ ደህና ከሆነ ፔሮኒያል ነው። ከዛ በጎኑ ይተኛና እግሩን ወደ ላይ ያንሳ፣ ያም ከደከመ ኤል5 ነው። በሁለቱም ቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ አይነካም፣ ከጠፋ ሳያቲክ ነርቭን ወይ ኤስ1ን አስቡ። ወገቡ ላይ የጀመረ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ለሩቱ ይመሰክራል፣ ቶሎ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ሰዓት መስራት ለፔሮኒያሉ። ባቢንስኪውን ግን እዚህም አትዝለሉ፣ እግር መውደቅ ከአንጎልም ይመጣል።

አንጓ መውደቅም ተመሳሳይ ነው። ራዲያል ነርቭ ክንድ አጥንቱ ላይ ሲጫን ትራይሴፕስ ይተርፋል ብራኪዮራዲያሊስ ይደክማል፣ ሲ7 ሩት ሲሆን ትራይሴፕስ ከነሪፍሌክሱ ይደክማል፣ አንጓ ወደ ታች ማጠፉም ይደክማል፣ ብራኪዮራዲያሊስ ይተርፋል። እና አንጓው የወደቀበት ሰው ጣት መበተኑን ስትፈትሹ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አድርጉት፣ ተንጠልጥሎ ከሆነ ጣት የሚበትነው አልናር ነርቭም የደከመ ይመስላችሁና ሁለት ነርቭ ነው ትላላችሁ።

ብዙ ነርቭ አብሮ ሲነካ ረጅሙ ነው መጀመሪያ የሚጎዳው፣ ከእግር ጣት ይጀምራል፣ ካልሲና ጓንት በሚሸፍኑት ቦታ ይደነዝዛል፣ ቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ይጠፋል። በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ፣ ቅርቡንም ሩቁንም ጡንቻ የሚያደክም፣ ሪፍሌክስ በየቦታው የጠፋበት ከሆነ ጊላን ባሬ ነው፣ ብዙ ጊዜ የጀርባ ሕመም ይዞ ይመጣል፣ ፊት በሁለቱም ጎን ሊሰንፍ ይችላል፣ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሊባባስ ይችላል። ትንፋሹን ደጋግማችሁ ለኩ፣ ጠዋት ደህና የነበረ ማታ ሊደክም ይችላል፣ የልብ ምቱንና ግፊቱንም ተከታተሉ እነሱም ይዋዥቃሉ።

ኒውሮመስኩላር ጃንክሽን የሚለየው በመለዋወጡ ነው፣ ጠዋት ይሻለዋል ማታ ይብሳል፣ ሲያኝክ መንጋጋው ይደክማል፣ ሲያወራ ድምፁ በአፍንጫ ይሆናል፣ የዐይን ቆቡ ይወድቃል ድርብ ያያል። ስሜትና ሪፍሌክስ ደህና ናቸው፣ ብሌኑ በፍጹም አይነካም። ጣሪያውን ሳያርገበግብ ለ60 ሰከንድ ይመልከት፣ ቆቡ ቀስ በቀስ ሲወርድ ታዩታላችሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የተዘጋ ዐይኑ ላይ 2 ደቂቃ አድርጋችሁ ስታነሱት ቆቡ 2 ሚሊ ሜትር ወይ ከዛ በላይ ከተነሳ ማያስቴኒያን (የዚሁ ጃንክሽን በሽታ) ይደግፋል። እንደዚህ ከጠረጠራችሁ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ማግኒዚየም ሳታስቡበት አትስጡ፣ ትንፋሹን ሊያቆሙት ይችላሉ። ብሌኑ ሰፍቶ አፉ ደርቆ ስንፈቱ ከዐይን ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ቦቱሊዝም (የባክቴሪያ መርዝ) ነው። ብሌኑ ጠቦ ላብና ምራቅ ከበዛ የፀረ ተባይ መርዝ ነው።

ጡንቻው ራሱ ከሆነ ትከሻና ዳሌ በሁለቱም ጎን እኩል ይደክማሉ፣ ስሜት ደህና ነው፣ ሪፍሌክስ እስከ መጨረሻው አካባቢ ይቆያል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር ይነሳ። ሲኬ (ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ይሰራለት፣ ግን ስቴሮይድ ያመጣው የጡንቻ ድክመት ላይ ሲኬ ኖርማል ነው። ጡንቻ ሲፈርስ የጉበት ምርመራ የሚባሉት ኤኤስቲና ኤኤልቲም ይጨምራሉ፣ ስንት ሰው በጉበት ስም ሲመላለስ ይቆያል፣ ሲኬ ሳይሰራለት። የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ጠይቁ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን ጨምሮ፣ ታይሮይድም ይታይ። ተኝቶ ሲነሳ አራቱም እጅና እግር እምቢ ያለው ወጣት ከመጣ ከሁሉ በፊት ፖታሲየምና ኢሲጂ።

የጀመረበት ፍጥነት

ቦታውን ከያዛችሁ በኋላ ነው ምክንያቱ የሚጠየቀው፣ መልሱን የሚሰጠው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድና በደቂቃ የደም ስር፣ በሰዓታትና በቀናት ብግነት ኢንፌክሽን ወይ የጨው መዛባት፣ በሳምንታትና በወራት የሚጫን ዕጢ ወይ የንጥረ ነገር ማነስ፣ በዓመታት የዘር ወይ የሚያረጅ በሽታ። ድንገተኛ የደረት ሕብለ ሰረሰር ስንፈትና በስድስት ወር የመጣ የደረት ሕብለ ሰረሰር ስንፈት ቦታቸው አንድ ነው፣ በሽታቸው ግን አይገናኝም።

ከየትኛውም ቦታ ጋር አልገጥም ሲል

ሲፈትሹት የሚለቅ ከዛ የሚመለስ፣ አልጋ ላይ እምቢ ያለ ግን ሲቆም የሚሰራ እግር ያጋጥማችኋል። አልታዘዝ ያለው እግር ተረከዝ ስር እጃችሁን አድርጉና ደህነኛውን እግር ወደ ላይ እንዲያነሳ ስትገፉት አልታዘዝ ያለው እግር እጃችሁን በኃይል ወደ ታች ከተጫነ ሁቨር የሚባለው ምልክት አለ፣ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሄ ሰውየው እያስመሰለ ነው ማለት አይደለም፣ ፈንክሽናል የሚባለው ስንፈት እውነተኛ ሕመም ነው፣ ምልክቱን ራሱን አሳይታችሁ "መስመሩ አልተበጠሰም፣ ይኸው እግርዎ ይሰራል፣ የሚከፈትበትን መንገድ በፊዚዮቴራፒ እንፈልጋለን" ስትሉት ብዙ ሰው ይረዳል። ደግሞ ፈንክሽናል ያለበት ሰው ሌላ በሽታም ሊኖርበት ስለሚችል ባቢንስኪውና ሪፍሌክሱ ካልገጠሙ ፍለጋውን አታቁሙ።

ምርመራው የሚታዘዘው ቦታው ከታወቀ በኋላ ነው፣ ውጤቱንም የምታነቡት ከጊዜው ጋር ነው። ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ያኔ ሲቲው የሚያገለግለው ደም አለመፍሰሱን ለማወቅ ነው። ጊላን ባሬ ላይ የጀርባ ውሃ ፕሮቲን በመጀመሪያው ሳምንት ኖርማል ሊሆን ይችላል። ነርቭ ሲበጠስ ኢኤምጂ (የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የጡንቻው ነርቭ ማጣት የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የመጣ ኖርማል ወረቀት በእጃችሁ የነካችሁትን የጠፋ ሪፍሌክስ አይሽረውም፣ ምርመራውን በጊዜው ድገሙት፣ እስከዛ በሽተኛውን በየቀኑ እየፈተሻችሁ የየጡንቻውን ቁጥር ከቀን ጋር ጻፉ።